የምሳው አገልግል

ይድረስ ለባለቤቴ ለይርዳው። ጣራ ገዳምን አብረን እንደተሳለምንበት ቀን ጤናህ ሙሉ ይሁን። እኔ፣ እመቤቴ ትመስገን፣ ለሦስት ወሩ የሩዝ ሥልጠና ማኒላ በደህና ገባሁ። ዛሬ ክፍል ሰጡኝ፤ ልብሴንም ሰቃቀልሁ። ሩዛቸው እንደ ፎገራው አይጣፍጥም።

ከማሳችን ላይ ተነሥተህ በስልክ የላክህልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ለአንድ ሰው አረሙ ፈጥኖ አልቋል፤ በርታ። ከጎንህ ያለው የምሳ አገልግልም ያምራል። የእኛን እኔው ግድግዳ ላይ ሰቅየው ነው የመጣሁ። ጎረቤታችን ፀደይ ባለሙያ ናት ይላሉ፤ እኔ ቀምሼላት አላውቅም። ጠግበህ ብላ፣ ምን ገዶኝ!

እናቴ «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» ትል ነበር። ይሄን ግን፣ ደብዳቤውን እንዳነበብህ፣ ባዶውን መልሰው።

እመብርሃን እኔን በሰው አገር ትጠብቀኝ፤ አንተን በቤትህ ታቆይልኝ።

ባለቤትህ ድንቅነሽ