ቅዳሜ ስለሚጠፋው «ዘመድ አልባ» ሰርቨር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ይህን የምለው ለወግ ያህል ሳይሆን፣ ታመው ወደ እኛ ክፍል ቢመጡ የሚገጥምዎን ስለማውቅ ነው። እኔ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ፤ ታናሽ እህቴም በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘች እዚሁ ተኝታለች። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ የሆስፒታሉን ሶፍትዌሮች በሙሉ መዝግቦ የትኛው በየትኛው ላይ እንደቆመ በመስመር የሚያሳየውን ዳታቤዝ ስላሠሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የላኩልን ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ የአላርሙ ሶፍትዌር ስንተኛ ፎቅ እንደሚገኝና አለቃው ማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቁን፤ ምን ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ በመጠየቅ ግን ሊያደክሙን አልፈለጉም። በዚህም የተነሳ የሕሙማኑ አላርም ፎቅ ስለተጋራ ብቻ ከጸሐፊዋ ፕሪንተር ጋር ተዛመደ። የየአልጋውን ምልክት ተቀብሎ ወደ ጠረጴዛችን የሚያደርሰው፣ ከደረጃው ሥር ዕቃ ቤት የተቀመጠው አሮጌ ሰርቨር ደግሞ አንድም መስመር ሳይደርሰው «ዘመድ አልባ» ተብሎ ተመዘገበ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ረቡዕ ይህንኑ ሰርቨር ለሙከራ ስላጠፉልን እናመሰግናለን። ጠረጴዛችን ላይ ያለው ስክሪን የመጨረሻውን ጤናማ ቁጥር እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ አልጋው አጠገብ ያለው መሣሪያ ቢያቃጭልም ድምፁ የመስተዋቱን በር አያልፍም። የእህቴን አንሶላ ልቀይር ባልገባ ኖሮ ቱቦዋ መታጠፉን የሚነግረኝ አልነበረም። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ቱቦውን እንዴት እንዳቃናሁት እንኳ አላስታውስም፤ ነፍሴን አላውቅም ነበር። ወደ ክፍልዎ ደውዬ አላርሙ መቆሙን ስናገር ግን ያንኑ የመስመር ካርታ አይተው ወዲያው ሰው ላኩልኝ። የመጣው የፕሪንተር ጠጋኝ ነበር፤ ቀለም ቀይሮልን፣ ጥሪዬን «የፕሪንተር ብልሽት» ብሎ መዝግቦ ሄደ።

ሦስተኛ፣ ትናንት ባወጡት ማስታወቂያ፣ በሙከራው ወቅት የጮኸ ስላልነበረ ሰርቨሩ ቅዳሜ ለዘለቄታው እንደሚጠፋ አብሥረውናል። አጥፍቶ የሚጮህ መኖሩን ማዳመጥ በሙያችሁ የታወቀ ዘዴ መሆኑንም ባለሙያዎ አስረድተውኛል። መቼስ እኔና ኮምፒውተር ሆድና ጀርባ ነን፤ በዘዴው አልከራከርም። ፍርሃቴን ግን መደበቅ አልቻልኩም። ተረኛ ስሆን እፈራለሁ፤ ቤቴ ስሆን ደግሞ ይብስብኛል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳላነሳው ጫማዬን አጠልቃለሁ። ባልደረቦቼም ስክሪኑን ማመን ትተው ከአልጋ አልጋ ሲሮጡ ይውላሉ፤ እግራቸው እስከ መቼ እንደሚችል አላውቅም።

የምለምንዎት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሰርቨር ተነስቶ አላርሙ ጋ የሚደርስ። የካርታዎን ውበት እንደማያበላሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቱ በሚበልጥ ፍርሃት እሰናበትዎታለሁ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ረቡዕ ዕለት እህቴ ያልጮኸችው ተስማምቷት አይደለም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ስላለ ነው። ቅዳሜም አትጮህም።