የውዱእ ውሃዬና የአቮካቶው ጣሪያ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለይማም አሊ፣ ሐርቡ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤ ሱጁድ ወርዶ መነሣት አስቸገረኝ ብለው አስጽፈው ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከራሴ አልወጣም። የላክሁት ቅባት ደረሰ? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? ዝናቡ ጣለ? ማሽላው ተዘራ? ረጀብ እንኳን በሰላም ገባላችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ፤ ራሴን እንኳ አላመመኝም። በሌላው ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

ጌጡ፣ ለአባዬ የምታነበው አንተ ነህና መጀመሪያ አንተ ስማኝ። በሩን ዝጋና አባዬ ብቻ ባሉበት አንብብ፤ እማዬ ኋላ ከእሳቸው አፍ ትስማው። ደስ ያላለህን ዘለህ እንዳታልፍ፣ ጠባይህን አውቀዋለሁ ወንድሜ። ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁት ስንት ዓይን እንደሚያየው ስለማውቅ ነው። እዚህ ፋኦ በሚባለው የእርሻ ድርጅት የሚሠራው ሀብተሚካኤል ለዕረፍት አዲስ አበባ ስለሚገባ፣ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው በእጅ ይሰጥልኛል።

አባዬ፣ ስወጣ ያሉኝን አልረሳሁም። ስምሽ መዓዛ ነው፣ በስምሽ እስላም ነሽ ክርስቲያን ነሽ ብሎ የሚለይሽ የለም፤ ሶላትሽን አትተዪ፣ ለሰው ግን አትናገሪ፣ እንጀራሽን እንዳያሳጡሽ አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሥራ ያስገቡኝ ሱኦራዎች፣ መነኮሳይቱ፣ አሠሪሽ የምትሆነው ሲኞራ የምትፈልገው የተጠመቀች ልጅ ነው ሲሉ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መዋሸቱ ኋላ መጣ። እሑድ እሑድ ሲኞራ ኦርቴንሲያ ቅዳሴ ሂጂ ብላ ትለቀኛለች፤ እኔ ፒያሳ ቪቶሪዮ የአትክልቱ ቦታ ውስጥ ተቀምጬ ድመት ሳይ ቆይቼ ሰዓቱ ሲደርስ እመለሳለሁ። ቄሱ ስለ ምን ሰበኩ ስትለኝ ስለ ትዕግሥት እላታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ትዕግሥት ብቻ የሚሰብክ ቄስ ምን ዓይነት ቄስ ነው ብላ አለመጠየቋ ይገርመኛል።

የእኔ ክፍል ከኩሽናው በስተኋላ ነው። አጠገቡ አንዲት ጠባብ የሠራተኛ ባኞ አለች፤ ውስጧ ሽንት ቤቱና ከፍ ብላ የተሰቀለች ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ብቻ ናቸው። ትልቁ ባኞ ውስጥ ለእግር የሚመች ዝቅ ያለ ገንዳ አለ፤ እሱን ማጽዳት እንጂ መጠቀም አልተፈቀደልኝም። እጄን፣ አፌን፣ አፍንጫዬን፣ ፊቴን፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ከቧንቧው ታጥቤ፣ ራሴንና ጆሮዬን አብሼ፣ እግሬ ላይ ስደርስ ነው ጭንቁ። አንዴ እግሬን አንሥቼ መታጠቢያው ላይ ባደርገው ከነግድግዳው ተነቃነቀብኝ። ሳፋ ውስጥ እንዳልቆም ደግሞ ልጅ ሆኜ የተቆጡኝ ትዝ አለኝ፤ ከእግርሽ የወረደው ውሃ መልሶ እግርሽን አይንካው፣ ውሃው ይሂድ ብለውኝ ነበር። ስለዚህ በወተት ጠርሙስ እየቀዳሁ ባዶው ወለል ላይ ቆሜ ቀኝ እግሬን ሦስቴ፣ ግራዬን ሦስቴ አፈስስበታለሁ፤ ከዚያ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። እኛ ቤት መሬቱ ይጠጣዋል። እዚህ ከወለሌ ሥር የሰው ጣሪያ እንዳለ፣ ወላሂ አባዬ፣ አንድም ቀን አላሰብሁትም። አሁን ሳስበው አንድ ሳፋ ይበቃኝ ነበር፤ ጽፌ ብጠይቅዎት ኖሮ ይፈቀድ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከበታች የሚኖረው አቮካቶ፣ ጠበቃው፣ የረጠበ የኖራ ቁራጭ በእጁ ይዞ ወጣ። የመኝታ ቤቴ ጣሪያ እላዬ ላይ ሊወድቅ ነው ብሎ ጮኸ። ሲኞራዋ ቧንቧ ሠሪ አስጠራች። ሰውየው የባኞዬን ወለል በመዶሻ ሲሰብር እኔ ኩሽና ቆሜ ቲማቲም እያጠብሁ ነበር። ቧንቧው አንድም ቀዳዳ የለውም፣ ደረቅ ነው፤ ከሸክላው በታች ያለው አሸዋ ግን ጨቅይቷል፣ እዚህ ላይ በየቀኑ ውሃ የሚደፋ ሰው አለ አላቸው።

ያን ዕለት ልዕልቲ ነበረች። ልዕልቲ የከረን ሰው ናት፣ ማክሰኞና ዓርብ እየመጣች ወለሉን የምትወለውል፤ ባሏ ሱዳን ቀርቶባት ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ሥራዋን ስትሠራ ውሃ አትሰስትም፣ ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሲኞራዋ ዞር ብላ እሷን አየቻት። አንቺ ነሽ፣ ባልዲ ሙሉ ስትደፊ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዓርብ መጥተሽ ዕቃሽን ውሰጂ አለቻት። ልዕልቲ በማርያም ስም ማለች። እኔንም አየችኝ፣ መስክሪልኝ እንደማለት። እኔ ቲማቲሜን አጠብሁ።

ለምን ዝም እንዳልሁ ልንገርዎት። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚያልቀው ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው፤ የሚታደሰው ሲኞራዋ ስትፈርምልኝ ብቻ ነው። ካልፈረመች እዚህ መኖር አልችልም። ወደ አገር እንዳልመጣ ደግሞ የመውጫ ፈቃዴ ለስድስት ወር ነበር፣ አሁን አራት ዓመቱ። ከድቶ ቀረ የተባለ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚደረግ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ፈራሁ አባዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆንሁ። በአንዲት ብርጭቆ ውሃ፣ ከእግሬ ሥር ፎጣ አጥፌ፣ ጠብ ሳይል ውዱእ አደረግሁ። ውዱኡ ሙሉ ነበር፤ ሶላቱ ግን አልሆንልሽ አለኝ። ፋቲሓ ላይ ስደርስ ልዕልቲ ትመጣብኛለች፤ ስንት ረከዓ እንደሰገድሁ ይጠፋኝና እንደገና እጀምራለሁ። በራሴ አፈርሁ። እግሬን ሦስት ጊዜ የማጥበው ሌላዋ በእኔ ጥፋት እንድትባረር ነው ወይ እያልሁ ስብሰለሰል ሰነበትሁ።

ዓርብ ልዕልቲ መጣችና ሽርጧንና የሥራ ጫማዋን በፌስታል ቋጠረች። አልተቆጣችኝም፤ አቅፋ ሳመችኝና አንቺ እንኳ እንጀራሽ አይጉደል አለችኝ። እሷ ደረጃው ላይ ሳትደርስ ቆዪ አልኋትና ሲኞራዋ ዘንድ ገባሁ። የማውቀው ጣልያንኛ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። ሲኞራ፣ እኔ ነኝ ብቻ አልሁ። አልገባትም። እጇን ይዤ ወደ ፈራረሰው ባኞ ወሰድኋትና ያለ ውሃ፣ ባዶ እጄን እያንቀሳቀስሁ አሳየኋት፤ እጄን፣ አፌን፣ ፊቴን፣ ክርኔን፣ ራሴን፣ ከዚያ እግሬን። ልዕልቲ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እግሬ ላይ ስደርስ ሲኞራዋ ሙሱልማና አለች፣ ቀስ ብላ። አዎ አልኋት።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተቀመጠችና አራት ዓመት ቤቴ ማን እንዳለ ሳላውቅ ተኛሁ አለች። ታማ የነበረችውን እናቴን በመጨረሻዋ ቀን ያጎረስሻት አንቺ ነሽ፣ ስለ ቅዳሴው የምትነግሪኝም አንቺ ነሽ፣ የቱን ልመን አለችኝ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ አለች በመጨረሻ፣ ልዕልቲ ትቆይ፤ አንቺ ቅዳሜ ውጪ፤ ለማላውቀው ሰው አልፈርምም። ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

ልዕልቲ ታመሰግነኛለች ብዬ ከሆነ ተሳስቻለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና ሦስት ቀን አለችኝ፣ በጣቷ እየቆጠረች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ልጆቼን ምን አበላለሁ ብዬ ስቃጠል አንቺ ታውቂ ነበር አለችኝ። ሳትሰናበተኝ ወረደች።

ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ልዕልቲ የግቢው በር ላይ ቆማለች። የሻንጣዬን አንዱን ጆሮ ያዘችና ወደ አውቶቡሱ ጎተተችኝ። አሁን ያለሁት ቲቡርቲና የሚባል ሰፈር፣ ምድር ቤት ያለች አንድ ክፍሏ ውስጥ ነው፤ ከልጆቿ ጋር እንተኛለን። ከመጣሁ ወዲህ አራት ቤት ሥራ ጠይቄአለሁ። ገና ከበሩ እስላም ነኝ ብዬ እናገራለሁ፤ ሦስቱ ወዲያው ዘጉብኝ፣ አራተኛዋ አስቤ እነግርሻለሁ አለችኝ። የሚፈርምልኝ ሰው ለማግኘት የቀረኝ አንድ ወር ተኩል ነው። ከዚያ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ብር ባይደርሳችሁ እንዳትደነግጡ።

አባዬ፣ አትናገሪ ያሉኝን ቃል አፍርሻለሁና አውፍ ይበሉኝ። ዱዓዎ አይለየኝ። እማዬን ጉልበቷን ስመህ እህትህ ደህና ናት በላት ጌጡ፤ ሌላውን አባዬ እንደሚሆን አድርገው ይንገሯት። እህቴን ዘርፈሽዋልን ከነልጆቿ፣ አጎቴን ዓለሙን፣ ጎረቤታችንን አበራሽን ሰላም በሉልኝ። የተኳረፍሁትም ካለ ሰላም ይበለኝ፣ ኩርፊያ የምይዝበት አቅም የለኝም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልዝጋ። እዚህ ቤት በገባሁበት ቀን አሱር ሲደርስ ጠርሙሴን ሞልቼ ክፍሉ መሐል ቆምሁ፤ የት ላፍስሰው ብዬ ግራ ገባኝ። ልዕልቲ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ካኮረፈች ገና አንድ ቀኗ ነው። ቀና ሳትል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ከበታቻችን ያለው አፈር ብቻ ነው፣ አፍስሺው አለችኝ።

ልጅዎ መዓዛ ይማም

ሮማ፣ ግንቦት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.