የነቀምቴው እድርተኛ ጳጳስ፣ የአቡነ ሉቃስ ዛሚት የሕይወት ታሪክ

አቡነ ሉቃስ ዛሚት ከድንጋይ ጠራቢው አባታቸው ከጁዜፔ ዛሚትና ከእናታቸው ከካርመላ በ1937 ዓ.ም. በማልታ፣ ጎዞ በምትባል ትንሽ ደሴት ተወለዱ። የዘርአ ክህነት ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1963 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በ1966 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ዲጋ ተመደቡ። ኦሮምኛን ከገበያ፣ አማርኛን ከየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተማሩ፤ ስለዚህም በኦሮምኛ ሲከራከሩ የሚረታቸው አልነበረም፣ በአማርኛ ግን እስከ መጨረሻው ከሁሉ አጥርተው የሚናገሩት «ነገ ተመለሱ» የሚለውን ነበር።

በ1978 ዓ.ም. አንገር ጉቲን ሰፈራ ጣቢያ ወባ ገባ። ሰፋሪው ከማለቁ ብዛት መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ጠፋ። አባ አካፋ ይዘው ቆፈሩ። አንድ ቀን አንዲትን እናት ብቻቸውን ቀበሩ፤ ስሟን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ይህን ባነሡ ቁጥር ድምፃቸው ይሰበር ነበር። ሞትን አይፈሩም፤ ያለ ቀባሪ፣ ያለ ስም መሄድን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈሩ።

በ1981 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ እንደተዛወሩ ለሰፈራችን እድር አመለከቱ። ጸሐፊው አቶ ጫንያለው «ፈረንጅ ሲታመም አገሩ ይገባል፤ ማንን ልንቀብር ነው?» ብለው ተቃወሙ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጋሩማ ግን «ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም የቻለ ድንኳን አንድ ካቶሊክ አይከብደውም» ብለው አስገቧቸው።

በ1989 ዓ.ም. ማዕርገ ጵጵስና ተቀበሉ። በዚያው ዕለት ሲሬ ላይ የእድርተኛ ቀብር ነበርና ከቀብሩ ቀሩ፤ በደንቡ መሠረት ድንኳን እንዲያጥቡ ተፈረደባቸው። አዲሱ ጳጳስ በርሜል ላይ ጎንበስ ብለው ሲያሹ ጎረቤታቸው አደ ቀለሟ «አባ ኮ፣ ድንኳኑን ነው ቀሚስዎን የሚያጥቡት?» ብለው ሰፈሩን አሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቀብር ቀርተው አያውቁም። ስም ሲጠራ «አለሁ!» የሚሉት ከሁላችን ጮክ ብለው ነበር።

በዲጋና በሲሬ ያሠሯቸውን ትምህርት ቤቶችና ያጎለበቷቸውን ምንጮች የሚመርቅ ባለሥልጣን ጠፍቶ አያውቅም፤ የእሳቸው ስም ያለበት ሰሌዳ ግን የለም። ስማቸው ያለው በእድሩ መዝገብ፣ ተራ ቁጥር 112 ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታሞ ለሕክምና ወደ ማልታ ተወሰዱ። ሲሸኙ አቶ ጫንያለው የመኪናውን መስኮት ይዘው «አባ፣ በዚያው ቢቀሩ እሰርዝዎታለሁ፤ ደንብ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «እንዳትሰርዝ ጫኔ፣ እመጣለሁ» አሏቸው።

እህታቸው ማሪያ ከወላጆቻቸው መቃብር አጠገብ ቦታ አዘጋጅተው እንዲቀሩ ለመኗቸው። እሳቸው ግን ሐኪሞቹ ተስፋ መቁረጣቸውን እንደሰሙ ትኬት አስቆረጡ። ነቀምቴ የገቡት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእህታቸው በቀር የሥጋ ዘመድ የላቸውም፤ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያለን ሁላችን ግን ሐዘንተኞች ነን። እግዚአብሔር ስሟን ሳያውቁ ከቀበሯት እናት ጋር በመንግሥቱ ያገናኛቸው።

ከቀብር በኋላ እንደተለመደው አቶ ጫንያለው ስም ይጠራሉ። ተራ ቁጥር 112 አልተሰረዘም። እዚያ ደርሰው ስሙን ጠርተው ሲጨርሱ ሁላችን በአንድ ድምፅ «መጥተዋል» እንበልላቸው።