የቀለጡት እናቶች

ቢቸና፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ጆሃንስበርግ ላለኸው ለወንድሜ ለምናለ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቢቸና አቧራ በቀር የነካን የለም።

እኔን ግን ማስተማር አንገፍግፎኛል። ስለ እናታችሁ ጻፉ አልኳቸው። ክፍሉ በሙሉ ከስልክ ገልብጦ «እናቴ ለእኔ ስትበራ የቀለጠች ሻማ ናት» ብሎ አመጣ። የተማሪዬ የሂዳያ እናት እንኳ፣ ያቺ ገበያውን በአንድ ጩኸት ጸጥ የምታሰኘው ሴት፣ ቀለጠች! አባባ ቅኔ ያስተምሩ በነበረ ጊዜ፣ የሰው ቅኔ ይዞ በመጣ ተማሪ ጉባኤው ሁሉ ይስቅበት አልነበር? የእኔዎቹ ማፈርም አያውቁ። ወረቀቱን ወርውሬላቸው «ከእናንተ በቀር ማንም የማያውቀውን ጻፉ» አልኳቸው። ሂዳያ፣ እናቷ ዕቃዋ ሳይሸጥ ሲቀር መንገዱን ሙሉ እየዘፈነች እንደምትመለስ ጻፈች። ይኸዋ፣ አሁን ሰው ጻፈ አልኩ።

ለፋሲካ በስልክ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ያው መልእክት፣ ቃሉ ሳይዛነፍ፣ ለጎረቤታችንም ከሌላ ሰው መጣላት። «ውድ እህቴ» ይላል። አንተ በዕድሜህ ውድ ብለኸኝ ታውቃለህ? ስደውል አታነሳም፤ «ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። እናታችን «ድምፁን አሰሙኝ» ትላለች።

ይህን ወረቀት ወደዚያ ለሚመለሰው ለሞጣው ነጋዴ ለአብዱራዛቅ ሰጥቼዋለሁ። አንተን በዓይኑ ካላየ ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። መልስህን፣ በልጅነታችን አንተ ብቻ በምትጠራኝ በዚያ አስቀያሚ ስም ጀምረው፤ የጻፍኸው አንተ ራስህ መሆንህን በእሱ አውቃለሁ።

የእናታችን ምርቃት ካለህበት ይድረስህ።

እህትህ ነኝ። ስሜን አልጻፍሁም፤ አንተ ጻፈው።