ጤፉ መሃል የበቀለ አደይ

ሀና ማርያም፣ መስከረም ፫ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለናፍቆቴ ለወንድሜ ለቀጄላ፣ ድሬዳዋ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ዘንድሮ አደይ በማሳው ዳር ብቻ አልቀረም፤ ጤፋችን መሃል ገብቶ ሜዳውን ቢጫ አድርጎታል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አባባን ታውቃቸዋለህ፤ ጤፍ ውስጥ አንዲት አደይ ካዩ ምሳቸውን ትተው ይነቅሉ ነበር። ነሐሴ ላይ ለአረም ልውረድ ብላቸው፣ ደጃፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደተቀመጡ፣ «ተዪው ልጄ፣ ያምራል» አሉኝ።

ትናንት ደግሞ «ቀጄላ እስኪመጣ አበባው ይቆያል?» ብለው ጠየቁኝ። እስከ ጥቅምት አይረግፍም አልኳቸው። መስቀል ሲያልፍ እንደሚረግፍ ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው፤ ግን አመኑኝ።

ቸሩ አምላክ በቶሎ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ደራርቱ