በዕጣ የደረሰችኝ የጸሎት ጓደኛ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለወንጌላዊ ጉደታ፤

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? ቁልቁለት ሲወርዱ ያምምዎታል ብላ እማዬ ጽፋልኝ ነበርና ሐሳብ ሆኖብኝ ሰነበተ። እማዬስ እንዴት ናት? ወባው ተመልሶ መጣባት ወይስ በዚያው ተዋት? ወንድሜ አማኑስ? ሱሪው በየሦስት ወሩ ያጥረዋል ያላችሁኝ እውነት ነው? ሙቀቱ፣ ውኃው፣ መንገዱ፣ አዲሶቹ አማኞች፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔ አካሌ ደኅና ነው። ሌላውንም ደኅና ነው ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ፤ ግን እርስዎን ዋሽቼ አላውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም።

እህትዎ አዳዳ ሎሚ ደኅና ነች። ሳሎን ያለውን የእርስዎን ወንበር እስካሁን ማንም እንዳይቀመጥበት ትጠብቃለች። አዳማም ያው ናት። ነፋሱ ይነሣና ጠዋት የተወለወለውን ጠረጴዛ ረፋድ ላይ መልሶ አቧራ ያለብሰዋል።

ደብዳቤዎ ባለፈው ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኗ መኪና ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ፈይሳ የጻፉልዎን አምነው፣ ከዮሴፍ ወንድሞች ጋር አወዳድረውኝ፣ ቅናት አጥንትን ያነቅዛል ብለው መክረውኛል። እኔ ይቅርታ አልጠይቅም ካልኩ ደግሞ እርስዎ ራስዎ በእኔ ስም ለትምህርት ቤቱ የይቅርታ ደብዳቤ እንደሚጽፉ ነግረውኛል። አባባ፣ ከመጻፍዎ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ስለ ዮሴፍ ወንድሞች ሲጽፉልኝ ቀሚሱ የማን እንደነበረ አልጠየቁኝም።

የመዘምራኑን ነገር ያውቃሉ። የዛሬ አራት ዓመት ሳይንስ ላስተምር ስቀጠር ትምህርት ቤታችን መዘምራን አልነበሩትም። ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከኒም ዛፉ ሥር አሥራ አንድ ልጆች ሰብስቤ ጀመርኩ። ኪቦርድ ስላልነበረን ምቱን ያጠናነው የውኃ ባልዲ እየመታን ነው። አምና ስልሳ ሁለት ደርሰው ነበር። ቢሾፍቱ ለትምህርት ቤቶች የመዝሙር ቀን ስንሄድ፣ ከሞጆ ጀምረው ሐይቁ እስኪታይ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ አላረፉም፤ ሾፌሩ በመጨረሻ ከእነሱ ጋር ማዜም ጀመረ። ይህን የምነግርዎ ለመመካት አይደለም። ልዋሽዎ ነበር፤ ለመመካትም ነው።

መስከረም ላይ ሶሲ የምትባል አዲስ መምህርት ከአዲስ አበባ መጣች። ሙዚቃ ተምራለች፣ ዲፕሎማ አላት። ገና በሁለተኛው ሳምንት የዘበኛውን ልጆች ስም ሁሉ ታውቅ ነበር። ጸጉሯን ነፋስ ሲበትነው እንኳ ያምርባታል፤ እኔ በዚያው ነፋስ ከእርሻ የመጣሁ እመስላለሁ። ድምፅዋ ደግሞ፣ እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል፣ እውነተኛ ድምፅ ነው። በመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ ጋሽ ፈይሳ መዘምራኑን ለእሷ ሰጡ፤ ለእኔ የጓሮ አትልክት ክበቡን። ቀድመው አላማከሩኝም።

"ሃዊዬ፣ አንቺ ባዮሎጂ አይደል የተማርሽው? ከተክል ጋር ትስማማያለሽ" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጓሮው ያለው ከአዳራሹ መስኮት ሥር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከስምንት ልጆች ጋር ቃሪያ ስኮተኩት፣ የእኔ ልጆች ለሌላ ሰው ሲዘምሩ እሰማለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እየተሻሻሉ መሄዳቸው ነበር። እኔ በአራት ዓመት ማስተካከል ያቃተኝን ሁለተኛውን ድምፅ እሷ በሦስት ሳምንት አስተካከለችው። ያን ቀን ቃሪያውን ከአረሙ ጋር ነቅዬ ጣልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በትምህርት ቤታችን የጸሎት ጓደኛ የሚባል ልማድ አለ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መምህራን ሁሉ ዕጣ እናወጣለን። ስሙ ስለደረሰሽ ሰው በየቀኑ ትጸልያለሽ፤ በየሳምንቱ ጥቅስና ትንሽ ስጦታ በመሳቢያው ውስጥ ታኖሪለታለሽ፤ ማን መሆንሽን ግን የወሰነ ትምህርቱ መዝጊያ ቀን እስኪደርስ አትናገሪም። እሱም ከፈለገ የጸሎት ርእሱን ጽፎ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይተውልሻል። የተጻፈው ነገር በእግዚአብሔርና በሁለታችሁ መካከል ይቀራል። ዕጣዬን ስዘረጋው "ሶሲ" ይላል። ከአጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት ልቀይርሽ ብትለኝ እሺ እል ነበር፤ ማንም አላለኝም።

ጽሕፈቴን እንዳታውቀው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሎቹን እየነጣጠልኩ ጥቅስ እጽፍላት ነበር። ብርቱካን፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ጊዜም የጸጉር ማስያዣ አኖርኩላት። ጸሎቴ ግን ሌላ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ልጅ ወደ መጣችበት መልሳት አልኩ። ድምፅዋ ይዘጋ ብዬም ጸለይኩ። ኅዳር ላይ ድምፅዋ ተዘጋ። የአዳማ አቧራ ያደረገውን እኔ የጸሎቴ መልስ መሰለኝና ደነገጥኩ፤ በዚያው ዕለት ዝንጅብል ገዝቼ መሳቢያዋ ውስጥ ከተትኩ። ለአዳዳ ሎሚ ስነግራት፣ "የምትዘጊውም የምትከፍቺውም አንቺ ከሆንሽ እግዚአብሔር ምን ሥራ ቀረለት?" ብላ ሳቀችብኝ።

ሶሲም ትጽፍልኝ ጀመር። "ለማላውቅሽ ጓደኛዬ" ብላ ነው የምትጀምረው። ብቻዋን ተከራይታ መኖር እንደከበዳት፣ እሑድ ከሰዓት እንደምታለቅስ ጻፈችልኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ልጆቹ ዜማው ሲጠፋባቸው በመስኮት ወደ ጓሮው እንደሚያዩ፣ መምህርት ሃዊን እንደምትፈራት፣ ስለዚህ እንድጸልይላት ለመነችኝ። አባባ፣ ይህን ሳነብ ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን በልጆቹ ደስ አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖርኩት።

የትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር። ድንኳን ተጥሎ፣ ወላጆች ተጠርተው፣ ጥቅስ በቃል የማለት ውድድሩ ካለቀ በኋላ መዘምራኑ ተነሡ። የዘመሩት እኔ አምና በክረምት ደርሼ ያስጠናኋቸውን መዝሙር ነው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ የሆነውን፣ እርስዎም በደብዳቤ አንዲት ቃል ያረሙልኝን። አማሩ፣ ከእኔ ጊዜ ይልቅ አማሩ። የፕሮግራሙን ወረቀት ስገልጠው ግን "ግጥምና ዜማ፦ መምህርት ሶሲ" ይላል። መድረክ መሪው ስሟን ጠራ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እሷም ተነሥታ እጅ ነሣች።

በማግስቱ ጋሽ ፈይሳ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ በስህተት ጽፋው ይሆናል፣ ለእንዲህ ያለ ነገር መጨነቅ አይገባም፣ የምናገለግለው ለክብር አይደለም፣ መዝሙር የእግዚአብሔር ነው አሉኝ። የእግዚአብሔር ከሆነ ታዲያ የሶሲ ስም ለምን ተጻፈበት ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ሃዊ፣ ይሄ ቅናት ነው" አሉኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ቅናት መሆኑን ከእሳቸው ይልቅ እኔ አውቀው ነበርና።

ታኅሣሥ ላይ ሶሲ ለማታውቃት ጓደኛዋ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የእኔ ያልሆነ ነገር በስሜ ተጽፎ ዝም ብያለሁ። መጀመሪያ ደንግጬ ነው፤ አሁን ግን በቆየ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ለመናገር ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልዪልኝ።" በዚህ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩላት። አይሳቁብኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያለ ተንኮል የጸለይኩት ይህን ብቻ ነው። የገና ድራማ አለፈ፣ ፈተና አለፈ፣ ወደ ዝዋይ የተደረገው የመምህራን ጉዞም አለፈ። ሶሲ አልተናገረችም።

ጥር ሃያ ሦስት፣ በመዝጊያው ቀን፣ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እያንዳንዱ እየተነሣ የማን ጓደኛ እንደነበረና ምን እንደጸለየ ይናገራል፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይጨበጨባል። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

"ሶሲ፣ ጓደኛሽ እኔ ነኝ" አልኩ። አጨበጨቡ። "እስከ ኅዳር ድረስ ድምፅሽ እንዲዘጋ ነበር የጸለይኩት።" ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አልቆምኩም። ታኅሣሥ የጻፈችውን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሴ አውጥቼ በሁሉም ፊት አነበብኩት፤ የእኔ ያልሆነ ያልሽው ነገር የእኔ መዝሙር ነው አልኳት። ሶሲ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወጣች። አንዳቸውም አላዩኝም። ጋሽ ፈይሳም በጸሎት ዘጉት።

አዳዳ ሎሚ ነገሩን ስትሰማ፣ "አንቺ ልጅ፣ መዝሙርሽን መጠየቅሽ ነውር የለበትም። የሰው ጸሎት ማንበብሽ ነውር ነው። አንዱን በሌላው አትሸፍኝ" አለችኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በማግስቱ ሶሲ ወደተከራየችበት ቤት ሄጄ ወረቀቷን መለስኩላትና ይቅርታ ጠየቅኋት። አለቀሰች፤ ስታለቅስ እንኳ እንደ እኔ አፍንጫዋ አይቀላም። መዘምራኑን ውሰጅ፣ ደክሞኛል ልበልና ልተውልሽ አለችኝ። በጓዳ የሚሰጠኝን አልቀበልም፣ በሰው ፊት የሄደ በሰው ፊት ነው የሚመለሰው ብያት ወጣሁ።

ጋሽ ፈይሳ ለእርስዎ የጻፉት በዚያ ሳምንት ነው። ለእኔም አንድ ወረቀት አዘጋጁ፦ "ስለ መዝሙሩ የተናገርኩት ሁሉ ከቅናት የመነጨ ነው" ይላል። ይህን ዛሬ ጠዋት በመምህራን ጸሎት ላይ አንብቤ እንድፈርም፣ ካልሆነ ግን ለሥራዬ ሌላ ቦታ እንድፈልግ ነገሩኝ። ያሳደጉኝ ያህል የሚወዱኝ ሰው ናቸው፤ ለዚህም ነው ያመመኝ።

ዛሬ ጠዋት ተነሣሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩትና የራሴን ተናገርኩ። በጸሎት አደራ የተሰጠኝን በአደባባይ አንብቤአለሁ፣ በዚህ በድያለሁ፣ ሶሲንም እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። መዝሙሩ ግን የእኔ ነው፤ እሱን በተመለከተ የምጠይቀው ይቅርታ የለም ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ፈይሳ ፊታቸው ጠቆረ። ያን ጊዜ ሶሲ ተነሣች።

"እውነቷን ነው። የደረሰችው ሃዊ ናት። እኔ ዝም አልኩ" አለች።

አባባ፣ ከዚያ ምን ሆነ ይመስልዎታል? ሁሉም እሷን አቀፏት። እንዴት ያለ ትሑት ልብ ነው ተባለላት። የሂሳብ አስተማሪው ኢሊያስ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ ፈይሳ፣ እንዲህ ራሷን ዝቅ ካደረገች ልጅ ላይ መዘምራኑን መውሰድ አይገባም አሉ፤ የመዝሙሩ ወረቀት በስሜ እንዲታረም፣ እኔም የሶሲ ረዳት እንድሆን ወሰኑ። የእኔን ዕቃ ወስዳ ስትመልስ እሷ ተመሰገነች፤ ተወሰደብኝ ያልኩት እኔ ከግድግዳው ጋር ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያ ቅጽበት ቀንቼ አላውቅም። ረዳት አልሆንም አልኳቸው። የጀመርኩትን ልመራ እንጂ ኖታ ልሸከም አልገባም፤ እስከዚያው ቃሪያዬ ይበቃኛል። ከሥራ ሊያስወጡኝ ግን ከእንግዲህ ምክንያት የላቸውም፤ እሳቸውም አውቀውታል።

አሁን ጋሽ ፈይሳ ልጅዎ ይቅርታ ጠይቃለች፣ ነገሩ በሰላም አልቋል ብለው ይጽፉልዎታል። እርስዎም እንደ ልማድዎ ስለ ድካሟ ታገሧት ብለው ሊመልሱላቸው ብዕር ያነሣሉ። እባክዎ አይጻፉት። የበደልኩትን በአፌ ጠይቄአለሁ፣ ያልበደልኩትን በማንም እጅ፣ በእርስዎም እጅ ቢሆን፣ አልፈርምም። የግድ ከጻፉ ግን ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ልጄ ቅናተኛ ናት ይበሉ፤ እውነት ነው፣ ገና አልለቀቀኝም፣ ይጸልዩልኝ። መዝሙሩ የልጄ ነው ብለውም ከሥሩ ይጨምሩበት። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ፣ አባባ፤ እስካሁን ማንም ሁለቱን አንድ ላይ ያመነልኝ የለም።

እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ፤ የላክሁላትን አጎበር ዛሬ ነገ ሳትል ትስቀለው። አማኑን የላከልኝን የሒሳብ ደብተር እንዳየሁት ይንገሩት፣ ማካፈል ላይ ይበርታ። አብረዋችሁ የሚያገለግሉትን ወንጌላዊ ጫላንና ባለቤታቸውን ሰላም ይበሉልኝ። አዳዳ ሎሚ እናንተን ሁሉ ሰላም ትላለች፤ ለእርስዎ ለብቻ ደግሞ፣ "ልጅህ አንተን ነው የመሰለችው፣ ማንንም አትውቀስ" በይልኝ ብላለች።

ልጅዎ ሃዊ ጉደታ

አዳማ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.