አባባ «ይመስገን» ሲሉ አትመናቸው

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ሳልስ ተወህ? ባለቤትህ ወገቧ ተሻላት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልህ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ከዚህ ቃል ጋር ሰሞኑን ተጣልቻለሁ።

አባባን ስትሮክ ከመታቸው አምስት ወር ሞላ። የሚባለውን ሁሉ ይረዳሉ፤ ቃል ግን ጠፍቶባቸዋል። የቀረላቸው አንድ ብቻ ነው፣ «ይመስገን»። ውሃ ሲጠማቸው ይመስገን፣ ሲናደዱብኝም ይመስገን። ዕድሜ ልክ አፍ የለመደው ቃል ሌላው ሲሄድ ይቀራል አሉን ሐኪሞቹ። ጠያቂ መጥቶ እንዴት ነዎት ይላል፣ ይመስገን ይባላል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። አንተም እሁድ እሁድ ደውለህ ያንኑ ትሰማና «ድምፃቸው እኮ ጥሩ ነው» ትለኛለህ። ስልኩ ሲዘጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞሩ አልነገርኩህም። ምግብ ቀንሰዋል። ያንን ስንት ዓመት በልብስ ሰፊነት የሠሩበትን መቀስ ከዓይኔ አርቂልኝ ብለው በእጃቸው ካሳዩኝም ሰነበተ።

ማክሰኞ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አዲሱ ሐኪም ዓይኑን ከቅጹ ሳያነሳ ይጠይቃል፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አዝነዋል? እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል? መኖር አስጠልቶዎታል? አባባ ለሁሉም ይመስገን። እሱም «የስሜት ችግር የለም» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። ስጮህበት፣ «እህቴ፣ ሰውየው አመሰገኑ እኮ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የራሴ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አምና እንደ አባባ አንደበቱ የተያዘ አናጺ ሲመጣ «አይናገርም፣ ስለ ስሜቱ መጠየቅ አልተቻለም» ብዬ ገጹን የገለበጥኩት እኔው ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል እፈራ ነበር፤ ለካ የሰውንም በወጉ አላማሰልኩም።

ሐሙስ የለመንኳት አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ቤት ድረስ መጣች። ሬዲዮውን አስጠፋች፤ እኔን ጥግ አስቀምጣ አፍሽን ያዢ አለችኝ። ከአባባ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አንድ አጭር ጥያቄ በትልልቁ ትጽፋለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። መልሳቸው እስኪመጣ እስከ አሥር ቁጠሪ ብላኝ ነበር፤ እኔ ሦስት ላይ ስመልስላቸው በዓይኗ ገረፈችኝ። ከሚስቅ እስከሚያለቅስ የተሳሉ ፊቶች ዘረጋች። አባባ ይመስገን እያሉ ደህና የቀረላቸውን ግራ እጃቸውን የመጨረሻው ላይ አሳረፉ። አይዞዎት አላለቻቸውም። «በጣም ከባድ ነው» ብላ ጽፋ አሳየቻቸው፤ አለቀሱ። የሚብስብዎት የቱ ነው ብላ እጅ፣ ጠያቂ፣ ምግብ፣ ስልክ የሚሉ ወረቀቶች ደረደረች። ስልክን ነኩ። ተሳስተው ነው ብዬ ጥልቅ አልኩ። ቦታውን ቀያይራ ደግማ ጠየቀች። አሁንም ስልክ።

እናም እሁድ ስትደውል እንዴት ነዎት አትበላቸው። የራስህን አጫውታቸው፤ ከጠየቅህም አዎ ወይም አይ የሚበቃውን ጠይቅ፣ የጠቆሙትን እኔ እነግርሃለሁ። እስከ አሥር ቁጠር። እኔም ምላሴን እነክሳለሁ፤ መቼም ለእኔ ከባዱ ይሄ ነው።

ባለቤትህ ባልዲ እንዳታነሳ ንገራት። ጎረምሳውን ልጅህን ደብዳቤ መጻፍ ነውር አይደለም በልልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን ረሳኸኝ ወይ ብላሃለች።

ከአባባ በኩል ምን ልጻፍ ብዬ ሦስት ወረቀት ዘረጋሁላቸው፤ «ሰላም በይልኝ»፣ «ናፍቆኛል»፣ «ና»። ዝም ብዬ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ይመስገን አሉና ጣታቸው «ና» ላይ አረፈ። ቦታውን ቀያይሬ ደግሜ ጠየቅኳቸው። ያው ነው።

እህትህ
ከቤት፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ
ኅዳር ፲፪ ቀን